ብቻ ለብቻ መብረድ

የሰሜን ሸዋን ደጋ ሰው ብርድ አያስገርመውም። የሚያስገርመው ብርድ ፍለጋ ከአዲስ አበባ ነዳጅ ቀድቶ፣ አልጋ አስይዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣ ሰው ነው። ኅዳር አጋምሶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣ የፈረንጆች ገና ዲያስፖራውን በቦሌ በኩል ሲያፈሰው፣ ቢሮ ያደከመው፣ የመኪና ሰልፍ ያንገሸገሸው፣ ስልኩ የሰለቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ምኞት ይመኛል፦ ተራራ ጫፍ ላይ ያለች የሣር ክዳን ጎጆ፣ ከውስጥ የሚንቦገቦግ እሳት፣ ከውጭ ዝምታ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ መጽሐፍ፣ ከተቻለም ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ። ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ መድረሱን ለወዳጆቹ ለማሳወቅ ኔትወርክ እንደሚያስፈልገው ለጊዜው እንለፈው። ምኞቱ በራሱ ክፋት የለውም። ክርክሬ ከምኞቱ መካከል «ብቻዬን» ከምትለው ጋር ብቻ ነው። ብርድና ብቸኝነት በአንድ ሒሳብ ተጠቃለው እንደ ምቾት የሚሸጡበት የሎጅ ንግድ ለዚያው ደጋ ከተማ ለሰላ ድንጋይ አይሆንም። እዚያ ሰው የሚያድረው ከሰው ጋር ነው፤ ይህን ግንበኞቿም፣ ሸማኔዎቿም፣ ወይዛዝርቷም፣ ጸበልተኞቿም ያውቁታል። ያላወቀው ሎጁ ነው።

በቅድሚያ ስለ ብርዱ ማንም እንዳይሳሳት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ የሆነችው ሰላ ድንጋይ ከእሷ በስተ ሰሜን፣ በዚያው ደጋ ላይ ናት። እንግዳውን የሚያታልለው የቀኑ ፀሐይ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ደጋው ያለ አንዲት ደመና ያበራል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ቆዳ ይፈጃል፤ የከተማው ሰው ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ ያስርና «የት አለ የተባለው ብርድ?» ይላል። ብርዱ እስኪመሽ እየጠበቀው ነው። በክረምት ሌሊት መሬቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት ደመናው ይዞ ያቆየዋል፤ በበጋ ሌሊት ግን ሰማዩ ክፍት ነውና ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች እስከ መውረድ የሚደርሰው፣ ባቄላውን ውርጭ የሚመታው፣ ጠዋት ሜዳው ነጥቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሻይ እያፈላሁ እሞቃለሁ ለሚለውም መጥፎ ዜና አለ፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሻዩ ገና ከበራዱ ሳይቀዳ 10 ዲግሪ ያህል ተቀንሶበታል። ደረቅ ባቄላ ለመቀቀል ያሰበ እንግዳ ደግሞ አልጋውን ለተጨማሪ ሌሊት ቢያስይዝ ይሻለዋል።

አገሬው ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? መልሱ ቤቱ ውስጥ አለ። የመንዝና የተጉለት የድሮ ቤት በሌላው ደጋ ከሚታየው የእንጨትና የጭቃ ቤት ይለያል፤ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ካብ ነው፣ ክዳኑ ድርብርብ ሣር ነው፣ በሩ አንድና ጠባብ ነው፤ መስኮት ወይ የለውም፣ ወይ ካለውም እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ናት። ክብ የሆነውም ለዓይን እንዲያምር ብቻ ተብሎ አይመስለኝም፤ ክብ ግድግዳ ያንኑ የወለል ስፋት ለማቀፍ ከአራት ማዕዘኑ ያነሰ ርዝመት ይበቃዋል፣ ለነፋስ የሚሰጠው ጀርባም በዚያው ልክ ያንሳል። ይሁን እንጂ ድንጋይና ሣር ሙቀት አይወልዱም፤ የተወለደውን ይጠብቃሉ እንጂ። የሚወልደው ነዋሪው ነው። አባወራው፣ እማወራዋ፣ ልጆቹ፣ አያቲቱ፣ የመሸበት መንገደኛ፣ በጋጡ በኩል ደግሞ በሬውና ላሚቱ፣ በጉና ጥጃው። የሰው ገላ ተኝቶም ቢሆን ከ70 እስከ 80 ዋት የሚሆን ሙቀት ይሰጣል፤ እንደ አንድ የድሮ አምፖል ማለት ነው። ላም ብቻዋን የብዙ ሰው ያህል ትሰጣለች። ስምንት ሰውና አራት ከብት ያደረበት ቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሳይኖረው ሌሊቱን የሚያነጋው ማሞቂያው ስለሚያመሰኳ ነው። እንደዚህ ዓይነቱን ቤት «ሰውና ከብት አብሮ ያድርበታል» ብሎ ሲጽፍ አፍንጫውን የሚይዝ ተጓዥ መቼም አይጠፋም፤ የምሕንድስናውን ነገር ግን የሚያነሣ የለም።

ሎጁ ከዚህ ቤት የወሰደው ቅርፁን ነው። ክብ ነው፣ የሣር ክዳን አለው፣ ድንጋዩም በኩራት ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን አሠሪው «እይታ» የሚባል ነገር ትዝ ይለዋል፤ ገደሉ እንዲታይ የግድግዳው ግማሽ ለመስታወት ይለቀቃል። ጋጡ መታጠቢያ ቤት ይሆናል። ምድጃው ከመካከል ተነሥቶ ግድግዳው ውስጥ ይሸጎጥና የጭስ ማውጫ ይበጅለታል፤ ይህን የመሰለ ክፍት ምድጃ ደግሞ ከሙቀቱ የሚበዛውን ለሰማይ የሚያስረክብ፣ በዚያም ላይ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሞቅ ያለ አየር አብሮ ስቦ በበሩ ሥር ቀዝቃዛውን የሚያስገባ ዕቃ ነው። እንግዳው ፊቱ ይጠበሳል፣ ጀርባው ይበርደዋል፤ ሲዞር ተራው ይለወጣል። አገሬው አሥራ ሁለት ነፍስ ያሳድርበት የነበረውን ስፋት አሁን 80 ዋት ያለው አንድ ሰው ይዞታል። አልጋው ሰፊ ነው፤ ስፋቱም የብርዱ መንሸራሸሪያ ነው። ማታ አስተናጋጁ በላስቲክ ከረጢት የሞቀ ውሃ አምጥቶ ከአንሶላው ሥር ያስገባለታል፤ ያ ቦታ በአገሬው ቤት የታናሽ ወንድም ነው። ከውጭ ደግሞ ጥበቃዎቹ አሉ። ከግቢው በር አጠገብ፣ ያለ ግድግዳ ያለ ክዳን፣ የባሕር ዛፍ ግንድ አቀጣጥለው፣ ዙሪያውን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ይሳሳቃሉ። የከፈለው ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ የሚከፈላቸው ውጭ ይሞቃሉ። ማንኛውም የሎጅ ባለቤት አንድ ማታ ከግቢው ወጥቶ ይህን ቢያይ የዋጋ ዝርዝሩን እንደ ገና ያስብበት ነበር።

ልብሱም ቢሆን የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው፤ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል፣ ከዚያ ባና ወይም ዝተት ይሆናል። ባና ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ብርድን በር ላይ ይመልሳል። በአንድ ባና ሥር ስንት ልጅ እንደሚያድር የሚወስነው የልጆቹ ብዛት እንጂ የባናው ስፋት አይደለም፤ ዳር የተኛ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ መካከል ያለው ይሞቃል፣ ተራውም በየዕለቱ ጠብ ይፈጥራል፤ ጠቡም ራሱ ያሞቃል። በርኖስ የለበሰ ትልቅ ሰው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ጫፉን ገለጥ አድርጎ ያስጠጋል። የቆሎ ተማሪው እንኳ፣ ደበሎው ከጉልበቱ የማያልፈው፣ በጎጆው ከባልንጀሮቹ ጋር ተደራርቦ እንጂ ለብቻው አያድርም። ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ደብረ ብርሃን በ1950ዎቹ ስትመረጥ ብዙ የገበያ ጥናት ያስፈለገ አይመስለኝም፤ አጥኚው አንድ ሌሊት ማደር ይበቃው ነበር።

ክዳኑን ደግሞ ተመልከቱት። የመንዝ ጎጆ የሚከደንበት የጓሳ ሣር የሚበቅለው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርሰው የጓሳ ደጋ ላይ ነው። ይህን ደጋ አገሬው ለብዙ ትውልድ የጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ማንም አንዲት ዘለላ እንዳይነካ ይጠበቃል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ባለ መብቱ ሁሉ ማጭድ ይዞ ይወጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ፈረሰ፤ ማኅበረሰቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎ ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም የተረፉት በዚሁ ነው። እንግዲህ እንግዳው ጋደም ብሎ ሽቅብ የሚያየው ክዳን፣ ያ «ከሰው የራቀ» የተባለለት ጎጆ ጣሪያ፣ ሲቆጠር ብዙ ቀበሌ የተስማማበት ነገር ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው የጓሳ ሣር አያገኝም ነበር፤ ቢያገኝም የሚከድንለት ሰው ያስፈልገዋል።

ታሪክ ለሚወድ ሰላ ድንጋይ ራሷ ምስክር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከአንኮበርና ከአንጎለላ ሆነው ሲገዙ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይን መቀመጫቸው አድርገው የራሳቸውን ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በዚያ አልፎ ጎብኝቷቸዋል። አንዲት ትልቅ እመቤት፣ ከልጃቸው ቤተ መንግሥት ራቅ ብለው፣ ንጹሕ በሆነ የደጋ አየር ተቀምጠው፤ ለዛሬው የማስታወቂያ ጸሐፊ ከዚህ የተመቸ ነገር አይገኝም፤ «የንጉሥ እናት ማረፊያ» የሚል ጎጆ ለመሰየም እጁን ይበላዋል። ችግሩ ማረፊያ አለመሆኑ ነው። የወይዛዝርት ግቢ ማለት ዳኛው፣ ቄሱ፣ ባለሟሉ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ባለ ጉዳዩና ደጅ ጠኚው ነው፤ ደጅ ጠኚ ከማይጠፋበት ደጅ ብቸኝነት ደርሶ ይመለሳል። ክራፕፍ ከዚያ በሰላም ወጥቶ መንገዱን ቀጠለና ወሎ ውስጥ ተዘርፎ ባዶ እጁን ቀረ። ጥቂት ሰው ይዞ ከሞቀ ግቢ መራቅ ያኔም አያዋጣም ነበር።

ከዚያም በፊት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደብረ ብርሃንን መሥርተው የዘመናቸውን መጨረሻ ሲያሳልፉባት፣ ያን ነፋስ የተጋፈጡት ከነሠራዊታቸውና ከነካህናታቸው ነው። በብርዱ ላይ በእግራቸው የመሰከሩት ግን እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው እንጦጦ ላይ ሲከትሙ፣ ቦታው ለመከላከያ ያመች ነበር፤ ለመኖሪያ ግን ነፋሱ ይጋረፋል፣ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ ወርደው፣ የሞቀውን መሬት ወደዱና በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ መኳንንቱም ተከትሎ ወረደ። እንግዲህ አዲስ አበባ የምትባለው ከተማ የተወለደችው የተራራ ብርድ ያማረራቸው ሰዎች ቁልቁል በመውረዳቸው ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ወጥተው ለማደር ቀን አስቀድመው ይመዘገባሉ፤ እንጦጦ ያልበቃው ደግሞ ጣርማ በርን አልፎ ይሄዳል። እቴጌ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደ ነበር መገመት ከባድ አይደለም፤ ማገዶውን ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣው ሳይጠይቁ ግን አይቀሩም።

«ነገሥታቱና ገበሬው ይቅሩ፤ ለነፍሱ ዕረፍት ወደ ተራራ የወጣ ሰው በታሪካችን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ፣ ያውም እዚያው ሞጃና ወደራ ውስጥ። ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደው ሕዝብ ሱባኤ ይይዛል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ሥራውን ይተዋል፣ ከለመደው ምግብ ይርቃል፣ ለቀናት ይሰነብታል፤ ሎጁ በማስታወቂያው የሚዘረዝረው ሁሉ ይፈጸማል። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጸበሉ በጠዋት የሚገባበት ስለሆነ ብርዱን ከሎጁ እንግዳ በላይ ይቀምሰዋል። ሁለተኛ፣ ማታ የሚያድረው ከማያውቀው ሰው ጎን፣ ወለል ላይ፣ ተደርድሮ ነው። በጠዋት ጥርሱ እየተፋጨ የወጣ ሰው ግን እየሳቀ ቆሎውን ሲካፈል ይታያል። የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሙቀቱ በምርቃት የሚሰጠው ነው። ባሕታውያኑ ለብቻቸው ዋሻ ይገቡ የለም ወይ ቢባል፣ አዎ ይገባሉ፤ ግን ያንን ተጋድሎ ይሉታል እንጂ ዕረፍት ብለውት አያውቁም፤ ቁርስም በዋጋው ውስጥ አይካተትላቸውም።

አሁን ጠንከር ወዳለው ተቃውሞ ልምጣ፤ ዝምታ ፈልገን ነው የሚሉት አሉ። በዚህ አልቀልድም፤ የአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ዕረፍት እንደሚገባው የማያምን አዲስ አበባን አላወቃትም። ሆኖም ዝምታው በየትኛው ሰዓት ይገኛል? የገጠር ሌሊት ከተማ እንደሚያስበው ጸጥ ያለ አይደለም፤ ጅብ ይጮኻል፣ ውሻ ይመልስለታል፣ ዶሮ የቢሮ ሰዓት አያውቅም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሌሊቱ ማሕሌት ይሰማል። እውነተኛው ዝምታ ያለው በቀን ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ ሥራው ላይ ሳለ፣ ሜዳው በድንገት ተቆርጦ ገደል በሚሆንበት አፋፍ ላይ፣ ፀሐይ ጀርባ ላይ እያረፈች። እዚያ ብቻን መቀመጥ ጥሩ ነው፤ ክርክር የለኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ዝምታ ፈላጊው ብቻውን የሚያድርበት ሌሊት ደግሞ፣ ብርድ እንቅልፍ ከነሣው፣ ከከተማ ይዞት የመጣውን ሐሳብ ሁሉ አንድ በአንድ የሚቆጥርበት ሌሊት ነው፤ ብድሩ፣ የቤት ኪራዩ፣ አለቃው ሁሉ ሰላ ድንጋይ ድረስ በእግራቸው ይደርሳሉ።

ሌላው ወገን ኖርዌይን ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ ያቺ አገር ከ400,000 በላይ የዕረፍት ጎጆ አላት፣ ሕዝቧም በበረዶ ውስጥ ጎጆው ገብቶ መክረምን ይወዳል። ግን ማን ከማን ጋር እንደሚገባ አይነገረንም። የሚበዛው ከነቤተሰቡ ነው፤ በተራራ ተጓዦች ማኅበራቸው ጎጆዎች ውስጥም የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ክፍል፣ አልጋ በአልጋ ላይ ያድራሉ። ምድጃቸው የታሸገ ብረት ነው፣ ደናቸው ከበራቸው ይጀምራል፣ ግድግዳቸው በወፍራሙ የታጨቀ ነው። ይህን ሁሉ ትተን ከእነሱ ፎቶግራፉን ብቻ ቀዳን፤ መስታወቱን፣ እሳቱን፣ ኩባያውን የጨበጠ ነጠላ እጅ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ደን ከበር አይጀምርም። ማገዶው ኩበት ነው፤ ካልሆነም በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱንም አንዲት ሴት በጀርባዋ ተሸክማ ነው የምታመጣው። ለአንድ ሰው አንድ ምድጃ ማንደድ በዚህ አገር ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ ነውር ለመሆን አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው።

«ታዲያ ጭሱንና ቁንጫውን እንመልስ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ አንመልስ። የቤት ውስጥ ጭስ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ዙሪያ በዓመት 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይገድላል ይላል፤ ከፋዮቹም ይበልጡን እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ላሚቱም ለብቻዋ ጋጥ ቢሠራላት ለሁሉም ይሻላል፤ ቁንጫ የሚናፍቀው ሰው እስካሁን አልታየም። የደጋው ቤት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ችግርም አለበት፤ እሱን ማሞገስ ለከተማ ሰው ቀላል ነው፣ ሥራውን የምትሠራው ሌላ ናትና። እኔ የምለው ጭሱ ሲወጣ ሰዉም አብሮ እንዳይወጣ ነው። ጭስ የማያስገባ፣ ማገዶ የሚቆጥብ የታሸገ ምድጃ መካከል ላይ ተተክሎ፣ ዙሪያውን መደብ ተሠርቶ፣ እንግዶች አብረው የሚያመሹበት አንድ ትልቅ ቤት ከሃያ የተበታተኑ ጎጆዎች ያነሰ ይፈጃል፤ ለማሞቅም ለማጽዳትም ይቀላል። ለእይታ የግድ መስታወት ካስፈለገ አንድ ይበቃል፤ ገደሉ አንድ ነው።

ገቢውን የሚያነሣ ወገንም አለ፤ ሎጅ ሥራ ይፈጥራል፣ የገበሬው ልጅ ይቀጠራል፣ በግና እንቁላሉ ገበያ ያገኛል ይላል። ልክ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሆኖ ሰው በወጣበት እንዲመለስ ከማንም በላይ የሚመኘው አገሬው ነው። ነገር ግን እንግዳው የሚመጣበትን ወቅት አስተውሉት። ታኅሣሥ ለከተማው ዕረፍት ነው፤ ለገበሬው አውድማ ነው። ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ይወቃል፣ ነፋሱ ሳያልፍ እህሉ ይመረታል፣ ደቦው ከአንዱ አውድማ ወደ ሌላው ይዞራል። በዚያው ላይ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው፤ «ትኩስ ቅቤና የገጠር ወተት» የሚል ተስፋ የሰነቀ እንግዳ ሽሮና ቆሎ ይጠብቀዋል። ለዚህ ጊዜ የሚሆነው መዝናኛ ተራራ ማየት ብቻ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ወደ አውድማው ወርዶ መንሽ ቢይዝ፣ ጥቂት ቢያዘራ፣ ከሠራተኛው ጋር ጠላውን ቢቀምስ፣ ማታ የሚያስፈልገውን ሙቀት ግማሹን ይዞት ይገባል። እጁ ቢላጥ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገና ሲደርስ ደግሞ ሜዳው ላይ የገና ጨዋታ አለ፤ እሩር ለመምታት የሚሮጥ ሰው ስለ ብርድ ሲያማርር አይሰማም፤ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ካልሆነ።

የሸዋ ገጠር ለመንገደኛ የነበረው ሥርዓትም ለሎጁ ትምህርት ይሆነው ነበር። መንገደኛው ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ እሳቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሒሳቡን የሚከፍለው በወሬ ነው፤ ከየት እንደ መጣ፣ በሬ ስንት እንደ ገባ፣ በዚያ አገር ዝናቡ እንዴት እንደ ዋለ ሳይነግር አይተኛም። በዛሬው ሎጅ ብቻውን ያለ እንግዳ ማንም ምንም አይጠይቀው፤ የመታወቂያ ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶ ይገባል። እኔን ቢያማክሩኝ የዋጋውን ዝርዝር እገለብጠው ነበር፦ ብቻውን የመጣ ሰው የማገዶ ተጨማሪ ይክፈል፤ ሁለት ሆነው የመጡ መደበኛውን፤ አያታቸውን ይዘው የመጡ ቅናሽ ያግኙ፣ አያት ብዙ ወሬ አላቸውና። ከነሕፃናቱ ስድስት ሆኖ ለመጣ ቤተሰብ ሎጁ ራሱ ቢከፍል አይከስርም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ እሱም ማንኮራፋት ነው። ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የማያውቁትን ሰው አፍንጫ ሲሰሙ ማደር ነው የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የደጋው ቤት ለዚህ የተለየ መድኃኒት አላበጀም፤ በጋጡ በኩል የሚያመሰኳውና የሚተነፍሰው ከብት ድምፁ ስለሚበልጥ ነገሩ ከቁም ነገር አልተቆጠረም። ላም የሌለው ሎጅ ግን አንኮራፊዎቹን ለይቶ ሌላ ቤት ቢያስገባቸው ከክርክሬ ጋር አይጋጭም፤ እነሱም ብቻቸውን አይሆኑም።